ቺፑ መልስ አልሰጥ አለኝ፤ የምታውቁ እርዱኝ

ሰላም ለሁላችሁ። የምኖረው አራት ኪሎ ነው። ሰፈራችን ውሃ የሚመጣው በፈረቃ ነው፣ ብዙ ጊዜ ሌሊት። እናቴ እንዳያመልጣት ከእንቅልፏ እየተነሳች ቧንቧውን ታያለች። ስለዚህ ውሃ ሲመጣ የሚጮህ ትንሽ ነገር በኤቲቲኒ 85 (ኮድ የሚጫንባት ትንሽ ቺፕ) ልሠራላት ጀመርኩ።

ላፕቶፔ ኡቡንቱ ነው። ኮዱን የምጭነው ከተርሚናል በአቪአርዱድ (ኮድ ወደ ቺፕ የሚጽፍ ሶፍትዌር) ነው፣ ላፕቶፑንና ቺፑን በሚያገናኘው በዩኤስቢኤኤስፒ ፕሮግራመር። መጀመሪያ ፈቃድ የለህም ይለኝ ነበር፤ የዩዴቭ ሕግ (ኡቡንቱ መሣሪያውን እንድጠቀም የሚፈቅድ ቅንብር) ጨምሬ ተፈታ። ኤልኢዲዋ ብልጭ ድርግም ስትል እናቴን ጠርቼ አሳየኋት።

ነገር የተበላሸው ፊውዝ (የቺፑን አሠራር የሚወስን በውስጡ የሚጻፍ ቅንብር) ስነካ ነው። ቺፑ ከፋብሪካ ሲመጣ በ1 ሜጋኸርዝ ነው የሚሠራው። ወደ 8 ላሳድገው ብዬ ሎው ፊውዙን ጻፍኩ። በኋላ የጻፍኩትን ትእዛዝ መልሼ ሳየው፣ ለካ የውስጡን ሰዓት (የሥራውን ምት የሚሰጠውን) ትቼ የውጭ ክሪስታል (ምቱን ከውጭ የሚሰጥ ትንሽ ዕቃ) መርጫለሁ። ቦርዴ ላይ ደግሞ ክሪስታል የለም።

ከዚያ ወዲህ ጭጭ ነው። አቪአርዱድ ቺፑ አይመልስም ይለኛል። ፕሮግራመሩ ግን በኤልኤስዩኤስቢ (የተሰኩ የዩኤስቢ ዕቃዎችን የሚዘረዝር ትእዛዝ) ይታያል። በቺፑ እግር 8 እና 4 መካከል 5 ቮልት ለካሁ። ሽቦዎቹን ሦስቴ ፈትሻለሁ። ፕሮግራመሩ የሚጽፍበትን ፍጥነትም ዝቅ አድርጌ ሞክሬያለሁ፣ ያው ነው።

እግር 2 እና 3 ላይ ክሪስታል ባስር ይነሳል? ወይስ ከአርዱዊኖ ቦርድ የሰዓት ሲግናል ወደ እግር 2 ብሰድለት ይሻላል? ይህን የሞከረ ካለ ትእዛዙንና የሽቦውን አያያዝ ይጻፍልኝ። ፒያሳ አካባቢ ክሪስታል የሚሸጥ ሱቅ የሚያውቅም ይጠቁመኝ። በእጄ ያለው ቺፕ ይህ ብቻ ነው።