«ግርማዊ» ለቤት ይባላል?

ቅዳሜ ዕለት ከአዲስ አበባ የመጣ የአክስቴን ልጅ ይዤ ጅሬን ወጣሁ፤ የአባ ጅፋርን ቤተ መንግሥት ላሳየው። የሰገነቱን የእንጨት ሥራ አንጋጦ አየና «ግርማዊ ቤት ነው!» አለ። አጠገባችን የቆሙ አንድ አባት ዘወር ብለው፣ «ልጄ፣ ግርማዊ ጃንሆይ ናቸው። ቤትማ ግርማ ሞገስ አለው ነው የሚባለው» አሉት።

ልክ ናቸው? በሰዋስው ከሄድን ልጁን የሚከለክለው ነገር የለም። ከመንፈስ መንፈሳዊ፣ ከሰማይ ሰማያዊ እንደምንለው ከግርማም ግርማዊ ይወጣል። በአጠቃቀም ግን እኔ ከሽማግሌው ጋር ነኝ። ግርማዊ ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ፣ ግርማዊት እቴጌ መነን፣ ግርማዊነታቸው... ቃሉ ለዘውድ ተሰጥቶ ኖሮ በ1967 ዘውዱ ሲወርድ ባለቤት አልባ ሆኖ ቀረ። አሁን አሁን «ግርማዊ ተራራ»፣ «ግርማዊ አዳራሽ» የሚል ጽሑፍ ሳይ ተራራውን እጅ ልነሳው ይቃጣኛል።

ሌላም ነገር አለ። ግርማ ውበት ብቻ አይደለም፤ ውስጡ ፍርሃት አለበት። በግዕዙ ዳዊት 90ኛው መዝሙር ላይ «እምግርማ ሌሊት» ሲል የሌሊቱን አስፈሪነት ማለቱ ነው። ዛሬም ሰውየው ገና በር ላይ ሲታይ ቤቱ ጸጥ ካለ «ግርማው ያስፈራል» እንላለን። በመብራትና በመጋረጃ ያበደ የሠርግ አዳራሽ ግን የተንቆጠቆጠ ነው፣ ያሸበረቀ ነው። ማን ይፈራዋል?

የሚገርመው (እሱም ከዚያው ከገረመ ነው) ወንድሙ «ግሩም» ፍርሃቱን ጨርሶ ጥሏል። በግዕዝ የሚያስፈራም የሚያስደንቅም ማለት ነበር። እዚህ ጅማ ግን አንድ ስኒ ፉት ብለን «ቡናው ግሩም ነው» እንላለን። ያውም ከአቦሉ።

ስንወርድ የአክስቴ ልጅ ተመልሶ ሽማግሌውን፣ «ታዲያ አባቴ፣ ግርማዊ አባ ጅፋር ቢባልስ?» አላቸው። ሳቁ። «እሳቸው ሞቲ ናቸው» አሉት። ሞቲ በኦሮምኛ ንጉሥ ነው፤ አባ ጅፋር ደግሞ የፈረስ ስማቸው።

እናንተ ጋስ? ከንጉሥ ውጭ ለሌላ ነገር «ግርማዊ» ሲሉ የሰማችኋቸው አዛውንት ካሉ ጻፉልኝ። ጋዜጣና ማስታወቂያ አይቆጠርም።