የመርከብ ጭስ ሀሳባችን፦ ሁለተኛው ረቂቅ

ፀሐፊው፦ ሰላም አባላት። የመርከብ ጭስ እንዲቀንስ ለመርከብ ባለቤቶች የምንልከው ሀሳብ ከሁለት ገጽ አይበልጥም። «ድሬ ተቀምጠን ስለ መርከብ ምን አገባን?» ያላችሁ ነበራችሁ። ዕቃችን የሚመጣው በመርከብ ነዋ! ከጅቡቲ ወዲህ ባቡሩ በኤሌክትሪክ ይሄዳል፤ ከጅቡቲ ወዲያ ከባድ ጥቁር ናፍጣ ነው። ረቂቁ ላይ ባትሪ ብያለሁ። አርሙኝ።

መርከበኛው፦ ጋሼ፣ ባትሪውን ያውጡት። ኖርዌይ ውስጥ አምፔር የምትባል መሻገሪያ ጀልባ እ.ኤ.አ. ከ2015 ጀምሮ በባትሪ ትመላለሳለች። መንገዷ ግን አጭር ነው። ከቻይና ጅቡቲ ለመምጣት ባትሪው ራሱ ጭነት ይሆናል። ሜታኖል የሚባለው የአልኮል ዓይነት ነዳጅ ይሻላል፤ ሜርስክ የሚባለው የዴንማርክ የመርከብ ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2023 ጀምሮታል። የመርከቡ የነዳጅ ታንከር ግን ከሁለት እጥፍ በላይ መስፋት አለበት። ከተፈጥሮ ጋዝ የተሠራ ከሆነ ደግሞ ምንም አልፈየድንም። «አረንጓዴ» የሚለው ቃል ይግባ።

ትራንዚተሯ፦ እኔን ያስፈራኝ ረቂቁ ላይ «ፍጥነት ይቀነስ» የሚለው ነው። ደንበኛዬ አሁንም ዕቃው ዘገየ ብሎ እንቅልፍ ነስቶኛል።

መርከበኛው፦ ፍጥነት 10 በመቶ ሲቀንስ ከሞተሩ የሚፈለገው ጉልበት ሩብ ያህል ይቀንሳል። ያውም ሞተር ሳይቀየር። ስንቴ ተጣድፈን ደርሰን፣ መልህቅ ጥለን ወረፋ ጠብቀናል! ቀይ መብራት ላይ ለመቆም እንደሚበር ባጃጅ።

ትራንዚተሯ፦ «ወረፋው ቀድሞ ለመርከቡ ይነገር» የሚል ካለበት እፈርማለሁ። ከሌለበት የለሁበትም።

የኤሌክትሪክ ባለሙያዋ፦ ቅርቡን ረሳችሁት። መርከብ ወደብ ላይ ቆሞም ለመብራትና ለማቀዝቀዣ ጄኔሬተር ያስነሳል። ከመሬት ኤሌክትሪክ ቢሰካ ጄኔሬተሩን ያጠፋዋል። ጅቡቲ ደግሞ እ.ኤ.አ. ከ2011 ጀምሮ የኛን መብራት ትገዛለች። አብዛኛው ከውሃ የመነጨ ነው፤ መስመሩም የሚነሳው ከዚሁ ከድሬ ነው። (ትናንት ማታ ሰፈሬ ጨለማ ነበር፤ እሱን ተዉት።)

መርከበኛው፦ እሱ መርከብ አያስኬድም እንጂ ጥሩ ነው። የብዙ መርከብ ኤሌክትሪክ 60 ኸርዝ ነው፣ ማለትም በሴኮንድ 60 ጊዜ ይመላለሳል፤ የኛ 50 ነው። መቀየሪያ ያስፈልጋል፤ ውዱም እሱ ነው። ካልጻፍነው ይስቁብናል።

ፀሐፊው፦ ነፋሱስ?

መርከበኛው፦ ፍሌትነር የሚባል ጀርመናዊ ነፋሱን ወደ ግፊት የሚለውጥ የሚሽከረከር ምሰሶ የቆመባት መርከብ ሠርቶ፣ እ.ኤ.አ. በ1926 አትላንቲክን ተሻግራለች። ናፍጣ ርካሽ ስለነበር ተረሳ። አሁን እየተመለሰ ነው። ሞተሩን ያግዛል እንጂ አይተካውም።

ፀሐፊው፦ በቃ፣ ባትሪ ወጥቷል። መሰኪያው ከነመቀየሪያው ይቅደም፣ ወረፋው ይከተል። ሜታኖልና ምሰሶው ለአዲስ መርከብ ግዢ ይሁን። ቅዳሜ ጠዋት 3 ሰዓት ለገሃር እንገናኝ። ከምሳ በኋላ እንዳትሉኝ፤ ከበርጫ የሚነሳ የለም።