አራት ደን፣ አራት ዓይነት ደንብ፦ እንዴት ላስታርቃቸው?

ሰላም ለሁላችሁ። በአሜሪካ የሕዝብ ደኖች ፈቃድ ገዝተው የገና ዛፍ ለሚቆርጡ ቤተሰቦች የሚወጣውን ደንብ ለድረ ገጽ በአንድ መልክ እንድጽፍ ታዝዤ፣ ይኸው ሦስተኛ ሳምንቴን ጉቶ ላይ ተቀምጫለሁ።

የአራት ደኖች ጽሑፍ ፊቴ ተዘርግቷል። አንዱ «ጉቶው ከ6 ኢንች አይብለጥ» ይላል፤ ሌላው «በተቻለ መጠን ዝቅ አድርጎ መቁረጥ» ብሎ ያልፋል። ልኬቱ ከየት እንደሚነሣ የሚናገር የለም። በረዶው ጉልበት በደረሰበት ቦታ ሰው ከበረዶው በላይ ይቆርጣል፤ በረዶው ሲቀልጥ ወገብ የሚደርስ ጉቶ ብቅ ይላል። ተዳፋት ላይስ የሚለካው ከላይኛው ወገን ነው ወይስ ከታችኛው?

ከዋና መንገድና ከካምፕ 200 ጫማ መራቅ፣ የረጅም ዛፍ ጫፍ ብቻ ቆርጦ አለመሄድ፣ እነዚህ አላስቸገሩኝም። ለአራተኛ ክፍል ተማሪዎች የሚሰጠው ነጻ ፈቃድም እንዲሁ (እሱን ስጽፍ እንዲያውም ደስ ብሎኛል)።

የጨነቀኝ ዋጋው፣ የሚፈቀደው የዛፍ ዓይነትና የመቁረጫው ጊዜ በእርግጥም ከደን ደን መለያየቱ ነው። ሁሉንም ካዋሃድሁት ልዩነቱ ይጠፋል፤ ለየብቻ ከተውሁት ደግሞ አንባቢው ያው ግራ ይጋባል።

ተመሳሳይ ሥራ የሠራችሁ ካላችሁ፣ የጋራውን ደንብ ከየደኑ ደንብ እንዴት ለያችሁት? ለጉቶው ልኬትም የማያሻማ አንድ ዓረፍተ ነገር ብትጽፉልኝ ውለታችሁን አልረሳም። ፈቃዱ መሸጥ ሳይጀምር ገጹ መውጣት አለበት።