አዲስ የገዛኋቸው ዓሦች ታመሙብኝ፣ እባካችሁ እርዱኝ

ሰላም ለእናንተ ይሁን። ዓሣ ቤታችሁ የምታረቡ ሰዎች፣ እባካችሁ ምከሩኝ።

ቅዳሜ ለልጄ 5 ጎልድፊሽ ገዛሁላት። አኳሪየሙ አዲስ ነው፣ 60 ሊትር ይይዛል። ለ5 ዓሣ እንደሚጠብ የገባኝ ዘግይቶ ነው። የቧንቧ ውሃ አንድ ሌሊት አሳድሬ ነው የጨመርኳቸው።

ማክሰኞ ጠዋት አንዱ ሰውነቱን ከጠጠሩ ጋር ሲያሽ አየሁት። በስልኬ መብራት ጠጋ ብዬ ሳየው፣ ጅራቱና ክንፎቹ ላይ ጨው የተነሰነሰበት ይመስላል። ነጫጭ፣ ጥቃቅን። 11 ቆጠርኩ። ዛሬ ሁለተኛውም ላይ ወጣ። ትልቁ ግን ምንም ነጠብጣብ የለበትም። ውሃው አናት ላይ ወጥቶ አፉን ይከፍታል፣ ይዘጋል። ምግብም አልነካም።

ነጠብጣቡ ኢክ የሚባለው ጥገኛ ተውሳክ ይመስለኛል። የትልቁ ነገር ነው ግራ ያጋባኝ። ተውሳኩ ስንጥቡ ውስጥ ገብቶበት ነው ወይስ አሞኒያ (ከዓሦቹ ቆሻሻ የሚወጣው መርዝ) ነው? አዲስ አኳሪየም ቆሻሻውን የሚያጣሩ ባክቴሪያዎች ገና ስለሌሉት አሞኒያ ይጠራቀማል። መለኪያ ደግሞ የለኝም።

መድኃኒቱ ተውሳኩን የሚገድለው ከዓሣው ላይ ወርዶ ውሃ ውስጥ ሲዋኝ ብቻ ነው፤ ውሃው ሲቀዘቅዝ ደግሞ የተውሳኩ የሕይወት ዑደት ይረዝማል። የአዲስ አበባ ሌሊት ይበርዳል፣ ማሞቂያም የለኝም። ጨው ልጠቀም? ለ60 ሊትር ስንት ግራም? ለስንት ቀን? ማታ ሩብ ያህል ውሃ ልቀይር ነው። ልሳሳት ከሆነ ከዚያ በፊት ንገሩኝ። ልጄ በየሰዓቱ «ዳነ?» ትለኛለች፣ የምመልስላት አጣሁ።