የነርሶቻችንን ሥራ ወደ ትናንሽ ተግባራት መበተን ጀምሬ የት እንደማቆም ጠፋኝ፣ እርዱኝ
ሰላም ወገኖች። ሐዋሳ፣ ጤና ጣቢያ ነው የምሠራው። የነርሶችን የሥራ ድርሻ እንደገና ለማዋቀር የተግባር ትንተናው (እያንዳንዱን ሥራ ከፋፍሎ መመርመሩ) እኔ ላይ ወደቀ። ወረቀቱ "መርፌ መስጠት" ይላል፣ በቃ። ቆሜ ሳይ ግን ነርሷ መርፌውን ሳትይዝ የጠፋ ካርድ ትፈልጋለች፣ አስታማሚ ታረጋጋለች፣ መሃል ላይ ደግሞ ሲዳሙ አፎ የሚችል ጠፋ ተብሎ ለማስተርጎም ሐኪሙ ጋ ትጠራለች። ይሄ የማን ሥራ ነው? የትም አልተጻፈም።

የሥነ ልቦና ተመራማሪዎቹ አኔትና ደንከን በ1967 እ.ኤ.አ. ያወጡት ዘዴ ስህተት የመፈጠር ዕድሉና የሚያደርሰው ጉዳት ተባዝቶ ትንሽ ከሆነ መበተኑን አቁም ይላል። እሺ፣ ጉዳቱን በምን ልገምት? ደግሞ ደብተር ይዤ ስቆም ሁሉም ሥርዓት ይይዛል (ማታ ተረኛ ላይ ያለውን ማን ያሳየኛል!)። ካርድ ፍለጋውን ለካርድ ክፍል ብመልሰው ነርሷ ትቀላለች ወይስ ወረፋው ቦታ ብቻ ይቀይራል? የሠራችሁ ካላችሁ የሞላችሁትን ቅጽ አሳዩኝ።