ሽብርተኝነትን ለማጥናት የግድ ታጣቂ ማነጋገር አለብኝ?

ጀማሪዋ
ሰላም ለሁላችሁ። የማስተርስ ፕሮፖዛሌን እየጻፍኩ ነው። ርዕሴ ሰዎች ለምን ወደ ታጠቁ ቡድኖች እንደሚገቡ ነው። አማካሪዬ "የቀድሞ አባላትን ካላነጋገርሽ ሌላው የጻፈውን ነው የምትደግሚው" ይለኛል። ጓደኞቼ ደግሞ "አበድሽ እንዴ?" ይላሉ። በዘርፉ ያላችሁ፣ ስራው ምን ይመስላል? ዳታቤዝ ብቻ ይዤ መስራት አልችልም?

ቁጥር ይናገር
ትችያለሽ እንጂ። የሜሪላንድ ዩኒቨርሲቲው ግሎባል ቴረሪዝም ዳታቤዝ እ.ኤ.አ. ከ1970 ጀምሮ የተፈጸሙ ከ200,000 በላይ ጥቃቶችን ይዟል። ቀን፣ ቦታ፣ መሣሪያ፣ የሟች ቁጥር፣ ሁሉም አለ። ሰው እንደሆነ ያለፈ ታሪኩን አሳምሮ ነው የሚያወራው። ለምን ትደክሚያለሽ?

መዝጋቢው
ዩኒቨርሲቲ አስተምራለሁ፤ የማጠናውም ፖለቲካዊ ጥቃትን ነው። ሰው ስራዬን ሲሰማ ሰላይ አድርጎ ያየኛል። አብዛኛው ስራ ግን ወንበር ላይ ነው። ዘገባ ታነቢያለሽ፣ ሰንጠረዥ ትሞያለሽ። ስለ አንድ ፍንዳታ ሁለት ጋዜጣ ሁለት የሟች ቁጥር ይጽፋል። የቱን እንውሰድ ስትባባሉ ይመሻል።

ከላይ የተጠቀሰው ዳታቤዝ ግሩም ነው፤ ግን ከየት እንደመጣ እወቂ። እስከ 1997 ያለው መረጃ ፒንከርተን የተባለ የግል ጥበቃ ድርጅት ለራሱ ስራ ብሎ በካርድ የመዘገበው ነው። የ1993 ካርዶች ቢሮ ሲቀየር ጠፉ። ዋናው ፋይል ውስጥ ያ ዓመት የለም። ግራፍ ሰርተሽ 1993 ላይ ገደል ካየሽ፣ ዓለም ሰላም የሆነ እንዳይመስልሽ!

ትልቁ ችግር ግን ይሄ አይደለም። ዳታቤዙ የሚመዘግበው ጥቃትን ነው፤ አንቺ የምትጠይቂው ስለ ሰው ነው። ክሩገር እና ማሌችኮቫ የተባሉ ተመራማሪዎች በ2003 ያሳተሙትን ጽሑፍ ፈልጊና አንብቢ። የሞቱ የሂዝቦላ ተዋጊዎችን በእድሜ ከሚቀራረቧቸው ሊባኖሳውያን ጋር አነጻጸሩ። ተዋጊዎቹ ከሌላው የባሱ ድሆች አልነበሩም። በትምህርትም አያንሱም ነበር። እኔ የምወድላቸው መልሱን ሳይሆን ማነጻጸራቸውን ነው። ብዙ ተማሪ የገቡትን ብቻ ጠይቆ "ሁሉም ተበድለናል ይላሉ" ብሎ ይደመድማል። ጎረቤቶቻቸውስ? እነሱም ተበድለዋል፤ ግን ቤታቸው ቀሩ። ስለዚህ ምክሬ ለአማካሪሽም ለጓደኞችሽም ላይጥም ይችላል። ያልገቡትን አነጋግሪ። ተጠይቀው እምቢ ያሉትን፣ ወንድማቸው ሲገባ የቀሩትን። ለማግኘትም ይቀላሉ፤ የጻፈባቸው ሰውም ጥቂት ነው።

ጀማሪዋ
ይሄን አላሰብኩትም ነበር፤ አመሰግናለሁ። ግን ጥቂት የቀድሞ አባላትንም ልጨምር ብል፣ ምስጢር እጠብቃለሁ ብዬ ብፈርምላቸው አይበቃም?

መዝጋቢው
አይበቃም። አሜሪካ ያለውን የቦስተን ኮሌጅን ጉዳይ ልንገርሽ። ከ2001 ጀምሮ የኮሌጁ ፕሮጀክት ሠራተኞች የሰሜን አየርላንድ የቀድሞ ታጣቂዎችን ድምፅ ይቀዱ ነበር፤ ከብሪታንያ መለየት ከሚፈልጉትም፣ አብረው መቆየት ከሚፈልጉትም ወገን። "በሕይወት እስካላችሁ አይወጣም" ተብለው ነው የተናገሩት። በ2011 የእንግሊዝ ባለሥልጣናት በአሜሪካ ፍርድ ቤት በኩል ቅጂዎቹን ጠየቁ። በ1972 ታፍና የተገደለች የአሥር ልጆች እናት ጉዳይ ነበር። ክርክሩ ዓመታት ፈጀ፤ በመጨረሻ ከፊሉ ለፖሊስ ተሰጠ። የልጆቿን ቦታ ይዤ ሳስበው ደግሞ፣ ለምን ተሰጠ ለማለት አፌ አይደፍርም።

እና አንቺ፣ ሕግ ከሚፈቅደው በላይ ቃል አትግቢ። ፎርሙ ላይም በግልጽ ጻፊው። ማን ማንን ገደለ ብለሽ አትጠይቂ፤ ለጥያቄሽም አይጠቅምም። ማን አስተዋወቃችሁ፣ የመጀመሪያው ሳምንት እንዴት ነበር፣ ቤተሰብ ምን አለ፣ እንዲህ እንዲህ። ሰውዬው ራሱ ወደዚያ ሊገባ ሲል አስቁሚው። ስም አትቅጂ። የዩኒቨርሲቲውን የሕግ ክፍል ደግሞ ከመጀመርሽ በፊት ሂጂበት።

የማታ አንባቢ
እህቴ፣ እኔም አንድ ልጨምር። የቡድኖቹን ጽሑፍና ቪዲዮ ዝም ብለሽ አታውርጂ። በ2008 እንግሊዝ አገር ኖቲንግሃም ዩኒቨርሲቲ አንድ የማስተርስ ተማሪ የአልቃይዳን የስልጠና መመሪያ ለጥናቱ አውርዶ ለቀናት ታስሯል። ያወረደው ከአሜሪካ ፍትሕ ሚኒስቴር ድረ ገጽ ነበር! ያለ ክስ ተለቀቀ፤ በ2011 ፖሊስ 20,000 ፓውንድ ካሳ ከፈለው። አማካሪሽ ምን እንደምታወርጂና ለምን እንደሆነ አስቀድሞ በኢሜይል እንዲያውቀው አድርጊ። በቃል አይደለም፣ በጽሑፍ።

ጀማሪዋ
ኢሜይሉን አሁን እየጻፍኩ ነው። መዝጋቢው፣ እምቢ ያሉትን የማገኝበትን መንገድ በተመለከተ በውስጥ መስመር ልጽፍልህ እችላለሁ?

መዝጋቢው
እዚሁ ጠይቂ፤ ሌላውም ያንብበው። መጀመሪያ ግን የትኛውን ዘመንና የትኛውን ቡድን እንደመረጥሽ ንገሪኝ። ያልገቡ ሰዎች ስለ ድሮ ጉዳይ ሲሆን በቀላሉ ያወራሉ፤ ግጭቱ ገና ያልበረደ ከሆነ ግን እነሱንም አደጋ ላይ ልትጥያቸው ትችያለሽ።