የሀበሻ ልብስ ለውጭ ደንበኛ እሸጣለሁ፤ የኢሜይል ሊስት እንዴት ልጀምር?

ጥለት ከሽሮ ሜዳ (ጠያቂ)

ሰላም ወገኖች። ሽሮ ሜዳ አካባቢ የሀበሻ ልብስ እናሠራለን። ጥልፉን እህቴ ትይዛለች፣ ፎቶውና ሽያጩ የእኔ ነው። ደንበኞቻችን አብዛኞቹ ውጭ ናቸው፤ ዲሲና ቨርጂኒያ፣ ዳላስ፣ ፍራንክፈርት፣ ጥቂት ደግሞ እስራኤል። እስካሁን የምንሠራው በቴሌግራም ቻናልና በቲክቶክ ነው። ችግሩ ሰው አንዴ ያዝዛል፣ ልብሱ ይደርሰዋል፣ ያመሰግናል፣ ከዚያ ይጠፋል። በዓመቱ የእህቱ ሰርግ ሲደርስ ስማችንን ረስቶ ከሌላ ይገዛል። ቲክቶክም አንዱን ቪዲዮ ለብዙ ሰው ያሳይና ቀጣዩን ለማንም አያሳይም።

ስለዚህ ኢሜይል መሰብሰብ ልጀምር ነው። ሦስት ነገር ንገሩኝ። ሰው ኢሜይሉን እንዲሰጠኝ ምን ላድርግ? «ይመዝገቡ» ብዬ ብለጥፍም የሚመዘገብ የለም። ሁለተኛ፣ አንድ ልጅ 20 ሺህ የዳያስፖራ ኢሜይል አለኝ፣ ልሽጥልሽ ብሎኛል፤ ልግዛ? ሦስተኛ፣ ከሰበሰብኩ በኋላ ምን ብዬ ነው የምልከው? ዌብሳይት ገና የለኝም።

ቡና ላኪ

ከሁለተኛው ልጀምርልሽ፣ ብሩ ከእጅሽ ሳይወጣ። እንዳትገዢ።

እነዚያ 20 ሺህ ሰዎች አያውቁሽም። ከአድራሻዎቹ ብዙዎቹ የማይሠሩ ይሆናሉ። አንዳንዱ ደግሞ የተገዛ ሊስት የሚጠቀመውን ለመያዝ ተብሎ የተቀመጠ ወጥመድ ነው፤ ማንም ሰው አይጠቀምበትም፣ እሱ ላይ ከላክሽ አድራሻውን ከሰው ጠይቀሽ እንዳላገኘሽው ይታወቅብሻል። እንደ ሜይልቺምፕ ያሉት የኢሜይል መላኪያዎችም የተገዛ ሊስት በደንባቸው ይከለክላሉ፣ ሲደርሱበት አካውንትሽን ይዘጋሉ።

ጂሜይል በብዛት ለሚልኩ ያስቀመጠው ገደብ ደግሞ በጣም ጠባብ ነው። ከ1000 ኢሜይል 3ቱ ላይ «ስፓም» (ያልተፈለገ መልእክት) ከተባለብሽ ችግር ውስጥ ነሽ፤ የሚመክሩት እንዲያውም ከ1000 ከ1 በታች እንዲሆን ነው። የማያውቁሽ 20 ሺህ ሰዎች ጋ ስትልኪ ስንቱ እንደሚጫን አስቢው። ትልቁ ጉዳት ደግሞ ከዚያ በኋላ የሚመጣው ነው። ስምሽ አንዴ ከተበላሸ፣ ልብሷን ከፍላ የምትጠብቅ ደንበኛሽ ጋ የምትልኪው የትዕዛዝ ማረጋገጫም ስፓም ውስጥ ይገባል። እሷ ገንዘቤን በላችኝ ብላ ትጨነቃለች፣ አንቺ መልስ ነፈገችኝ ትያለሽ።

ስለዚህ ያ ልጅ ይቅርብሽ። ልብስሽን የሚወዱ 200 ሰዎች ይሻሉሻል።

እማማ ሲልቨር ስፕሪንግ

ልጄ፣ እኔ የምመልስልሽ እንደ ገዢ ነው። ለልጆቼም ለጓደኞቼም ከአዲስ አበባ ልብስ አስመጣለሁ። ኢሜይሌን ዝም ብዬ ለማንም አልሰጥም፣ የሚጠቅመኝን ነገር ከሰጠሽኝ ግን እሰጣለሁ።

እኛ እዚህ ያለን ሰዎች ትልቁ ጭንቀታችን ልክ ነው። ልብሱ ውቅያኖስ አቋርጦ መጥቶ ሲጠብ፣ መመለስ የለ፣ ማስተካከል የለ። ሰው ልኩን እንዴት እንደሚወስድ አያውቅም። አንዷ ደረቷን በወፍራም ሹራብ ላይ ትለካለች። ሌላዋ ቁመቷን በባዶ እግሯ ለክታ ሰርጉ ቀን ረጅም ታኮ ታደርግና ቀሚሱ ቁርጭምጭሚቷ ላይ ይቀራል። አሜሪካ ያለው ሜትር በኢንች ነው፣ ሰፊው ደግሞ በሳንቲሜትር ይሠራል፤ «ወገቤ 38» ብላ የላከች ልጅ ኢንች ማለቷ እንደሆነ ካልተጠየቀች ማን ያውቃል?

እና አንዲት ገጽ አዘጋጂ። «የሀበሻ ቀሚስ ልክዎን ቤትዎ ሆነው እንዴት እንደሚወስዱ» በይው። እህትሽን አቁመሽ ሜትሩ የት እንደሚጀምርና የት እንደሚያልቅ ፎቶ አንሺ፤ ትከሻ ከአጥንት እስከ አጥንት፣ እጅ ክንድ ትንሽ ታጠፍ ብሎ፣ ቁመት የሚደረገው ጫማ ተደርጎ። ከታች ልኩ የሚሞላበት ሰንጠረዥ፣ ኢንችና ሳንቲሜትር ጎን ለጎን። «ኢሜይልዎን ይጻፉ፣ እንልክልዎታለን» ብትይ እኔ በደቂቃ ነው የምሰጥሽ። ለጓደኞቼም አስተላልፋለሁ።

ሚኪ ቦሌ

ይቅርታ አድርጉልኝና ሀበሻ ኢሜይል ያነባል እንዴ? ሁሉም ሰው ቴሌግራምና ዋትሳፕ ላይ ነው። ቻናሉን ብታሳድጊ ይሻልሻል ባይ ነኝ፣ ጊዜሽን አታባክኚ።

ቡና ላኪ

ሚኪ፣ አዲስ አበባ ላለ ገዢ ከሆነ ልክ ነህ። ቦሌ ላለ ሰው እኔም በቴሌግራም ነው የምሸጠው። የእሷ ገዢ ግን ዳላስ ቢሮ ውስጥ ቀኑን ሙሉ ኢሜይል ከፍቶ የሚውል ሰው ነው። የአውሮፕላን ትኬቱ፣ የባንክ ሒሳቡ፣ የልጆቹ ትምህርት ቤት ደብዳቤ፣ ሁሉ የሚመጣው በኢሜይል ነው።

ደግሞ ቻናሉ የእሷ ንብረት አይደለም። በ2015 ዓ.ም. የካቲት ላይ ቴሌግራም፣ ፌስቡክ፣ ቲክቶክና ዩቲዩብ ሀገር ውስጥ ተገድበው አምስት ወር ያህል ያለ ቪፒኤን አይሠሩም ነበር። ገዢው አሜሪካ ሆኖ ሁሉም ይሠራለታል፣ ሻጩ ነው አዲስ አበባ ሆኖ መለጠፍ የተቸገረው። የኢሜይል ሊስት ግን ፋይል ነው። ዛሬ አንዱ መላኪያ ቢያስከፋሽ አውርደሽ ወደ ሌላው ይዘሽ ትሄጃለሽ። ፎሎወርን እንደዚያ ማድረግ አይቻልም።

ቻናሉን ዝጊ እያልኩ አይደለም። ሰው የሚያገኝሽ እዚያ ነው። ከዚያ ግን ወደ ሊስቱ አምጪያቸው።

ሰርቨር ጠባቂ

የቴክኒኩን ጉዳይ እኔ ልንገርሽ፣ ምክንያቱም ብዙ ሰው የሚወድቀው እዚህ ጋ ነው።

ዌብሳይት ባይኖርሽ ችግር የለውም። እንደ ሜይለርላይት ያሉ መላኪያዎች የመመዝገቢያ ገጽ ራሳቸው ይሰጡሻል፤ ፎቶ ታስገቢያለሽ፣ ሁለት መስመር ትጽፊያለሽ፣ ሊንኩን ቴሌግራምና ቲክቶክ ላይ ታደርጊያለሽ። ፎርሙ ላይ ስምና ኢሜይል ብቻ ጠይቂ። ስልክ፣ ከተማ፣ ዕድሜ እያልሽ ባበዛሽ ቁጥር ሰው እየተወው ይሄዳል።

ከራስሽ ጂሜይል በጅምላ እንዳትልኪ። ተራ የጂሜይል አካውንት በቀን ከ500 ተቀባይ በላይ አያስልክም፣ «መውጫ» (ሰው ከሊስቱ የሚወጣበት) ሊንክም አይጨምርልሽም። መላኪያ እየተጠቀምሽ የላኪውን አድራሻ የጂሜይል ማድረግም ጥሩ አይደለም፤ ተቀባዩ ጋ ሲደርስ ኢሜይሉ ከጂሜይል እንዳልወጣ ስለሚታወቅ አስመሳይ ትመስያለሽ። በሱቁ ስም ዶሜን (የራስሽ የኢንተርኔት አድራሻ) ግዢ። ከዚያ ኤስፒኤፍ፣ ዲኪምና ዲማርክ የሚባሉ ሦስት ነገሮች ዶሜኑ ላይ ይገባሉ። ስማቸው አያስፈራሽ፤ መላኪያው ጽሑፉን ይሰጥሻል፣ ዶሜኑን የገዛሽበት ቦታ ገብተሽ ትለጥፊያለሽ። ሥራቸው «ይህ ኢሜይል በእውነት ከዚህ ሱቅ ነው የወጣው» ብሎ ማረጋገጥ ነው። እ.ኤ.አ. ከ2024 የካቲት ጀምሮ ጂሜይልና ያሁ በብዛት ለሚልክ ሰው (በጂሜይል በቀን 5000ና ከዚያ በላይ) ግዴታ አድርገውታል። በቀን 5000 ባትልኪም አሁኑኑ አድርጊው፣ ኋላ ሲበዛ አትቸገሪም።

አንድ ነገር ደግሞ አደራ። ሰው ሲመዘገብ «እውነት አንተ ነህ?» የሚል የማረጋገጫ ኢሜይል ሄዶ ሊንኩን ሲጫን ብቻ እንዲገባ አድርጊ። ጥቂት ሰው መሃል ላይ ይቀርብሻል። የገባው ግን በትክክል የጻፈ፣ የሚፈልግሽ ሰው ነው። ፊደል ተሳስቶ የተጻፈ አድራሻም እዚያው ይቀራል።

ከፍራንክፈርት

እህቴ፣ አውሮፓ ያሉ ደንበኞችሽን በተመለከተ ተጠንቀቂ። እ.ኤ.አ. ከ2018 ግንቦት ጀምሮ ጂዲፒአር የሚባለው የግል መረጃ ጥበቃ ሕግ አለ። ሰው ለማስታወቂያ ኢሜይል ራሱ አውቆ መፍቀድ አለበት፣ አስቀድሞ ምልክት የተደረገበት ሳጥን አይቆጠርም። ፈቃዱን መቼና እንዴት እንዳገኘሽ ማሳየት እንድትችዪም ይፈልጋል። ወንድማችን ከላይ ያለው የማረጋገጫ ሊንክ ለዚህም ይጠቅምሻል፤ ቀኑ መላኪያው ላይ ተመዝግቦ ይቀመጣል።

አሜሪካ እ.ኤ.አ. በ2003 የወጣ ካን ስፓም የሚባል ሕግ አላት። እያንዳንዱ የንግድ ኢሜይል ላይ ትክክለኛ የፖስታ አድራሻና ግልጽ መውጫ ይፈልጋል፣ ውጣ ያለውንም በ10 የሥራ ቀን ውስጥ ማውጣት ግዴታ ነው። የሚያታልል ርዕስም ክልክል ነው። እኛም ሀገር አሁን የግል መረጃ ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 1321/2016 አለ፣ ስለዚህ የደንበኛን አድራሻ ለሌላ ነጋዴ አሳልፎ መስጠት የሚባል ነገር አይታሰብ።

ኔታንያ

እስራኤልማ ከሁሉም ይብሳል። እዚህ እ.ኤ.አ. በ2008 መጨረሻ ሥራ ላይ የዋለ ሕግ አለ፣ ያልፈቀደ ሰው ጋ ማስታወቂያ ብትልኪ ጉዳት ደረሰብኝ ብሎ ማስረዳት ሳያስፈልገው በአንድ መልእክት እስከ 1000 ሼክል ሊጠይቅ ይችላል። ሰዉም ያውቀዋል፣ ይከሳል። ያ 20 ሺህ ሊስት ውስጥ ስንት እስራኤላዊ እንዳለ ሻጩም አይነግርሽም።

ጥለት ከሽሮ ሜዳ (ጠያቂ)

ሁላችሁንም እግዚአብሔር ይስጥልኝ። ሊስቱን አልገዛም፣ ልጁን እምቢ ብዬዋለሁ። እማማ፣ የልክ አወሳሰዱ ሐሳብ እንዴት ደስ እንዳለኝ! ሁልጊዜ በቴሌግራም ድምፅ እየቀዳሁ ለአንዷ አንዷ የማስረዳው ነገር ነው።

የቀረኝ ይኼ ነው። በአማርኛ ልጻፍ ወይስ በእንግሊዝኛ? በስንት ጊዜ ልላክ? የድሮ ደንበኞቼን ራሴ ሊስቱ ውስጥ ላስገባቸው እችላለሁ? የብዙዎቹ ኢሜይል አለኝ፣ ለመላኪያ ሰነድ ሲባል የሰጡኝ።

እማማ ሲልቨር ስፕሪንግ

ቋንቋው ላይ፣ እኔ አማርኛ እመርጣለሁ፣ ልጆቼ ግን መናገር እንጂ ማንበብ አይችሉም። ለሰርጋቸው የሚያዙት ደግሞ እነሱ ናቸው። ፎርሙ ላይ «በየትኛው ቋንቋ ይላክልዎት?» የሚል አንድ ምርጫ ጨምሪ። ሁለቱን አንድ ላይ ከደባለቅሽው ግን ረጅም ይሆንና ማንም አይጨርሰውም።

ቡና ላኪ

መጀመሪያ ሰው እንደተመዘገበ በራሱ የሚሄድ የእንኳን ደህና መጡ ኢሜይል አዘጋጂ። ቃል የገባሽውን መመሪያ እዚያው ስጪ፣ ሌላ አትጨምሪ። እንዲህ ያለ ይበቃል፦

«ሰላም ሰላማዊት፣ የልክ አወሳሰዱ መመሪያ ይኸውና። ለመለካት ሌላ ሰው ቢያግዝዎ ጥሩ ነው። ልኩ ካጠራጠረዎት ለዚህ ኢሜይል መልስ ይጻፉልኝ፣ እኔው ነኝ የማነበው። ለየትኛው ዝግጅት እንደሚፈልጉትም ቢነግሩኝ የሚሆነውን ጥለት ልጠቁምዎት እችላለሁ።»

የመጨረሻው ጥያቄ ላይ መልስ የሚጽፍልሽ ሰው ገዢ ነው። ሰው መልስ ሲጽፍልሽ ደግሞ ጂሜይል የምትፈለጊ ላኪ መሆንሽን ያያል።

ከዚያ በኋላ በወር አንዴ ይበቃል፣ በዓል ሲቃረብ ሁለቴ። አንቺ ልብስ የምታሠሪ ሰው ስለሆንሽ ቀኑን ከበዓሉ ሳይሆን ከሸማኔው ነው የምትቆጥሪው። ሽመናው፣ ጥልፉ፣ ስፌቱ፣ መላኪያው ስንት ጊዜ ይፈጃል? ያን ከፋሲካ ወደ ኋላ ቆጥረሽ «የፋሲካ ትዕዛዝ የምንቀበልበት የመጨረሻ ቀን» ብለሽ ላኪ። ርዕሱ ራሱ ይኸው ይሁን። እውነተኛ ቀን ስለሆነ ሰው ይቸኩላል፣ ማጋነን አያስፈልግሽም። ገና፣ ጥምቀትና እንቁጣጣሽም እንደዚያው። ውጭ ያለው ሰርግ በብዛት የሚበዛው እኛ ክረምት ስንገባ ነው፣ ስለዚህ የሰርግ ኢሜይልሽ ከፋሲካ በፊት ይሂድ። አንድ ሙሽራ ማለት ሚዜዎቹም፣ እናቶቹም ማለት ነው፤ ብዙ ልብስ ከአንድ ኢሜይል ይመጣል።

በመሃል ባሉት ወራት ሥራችሁን አሳዪ። ሸማኔው ጥለቱን ሲያስገባ፣ እህትሽ ጥልፍ ስትጀምር፣ አንድ ፎቶና አራት መስመር። ሁልጊዜ «ግዙ ግዙ» ካልሽ ሰው ይሰለቻል።

ሰርቨር ጠባቂ

ሁለት ነገር ልጨምር። ኢሜይሉን አታርዝሚው። ኮዱ ከ102 ኪሎባይት በላይ ከሆነ ጂሜይል መሃል ላይ ይቆርጠዋል፣ የሚቆረጠው ደግሞ መጨረሻ ላይ ያለው «መውጫ» ሊንክ ነው። መውጫ ያጣ ሰው ስፓም ይጫናል። ሁለተኛ፣ «ስንት ሰው ከፈተው» የሚለውን ቁጥር ብዙ አትመኚው። አፕል እ.ኤ.አ. ከ2021 መስከረም ጀምሮ ሰው ባይከፍተውም ፎቶዎቹን ቀድሞ ስለሚያወርድ የተከፈተ ያስመስለዋል፤ አሜሪካ ካለው ሀበሻ ደግሞ አይፎን የሚይዘው ብዙ ነው። የተጫነውን ሊንክ፣ የመጣልሽን መልስና ትዕዛዙን ቁጠሪ።

ከፍራንክፈርት

የድሮ ደንበኞችሽን ሳትጠይቂ አታስገቢ። ኢሜይሉን የሰጡሽ ለልብሱ መላኪያ ሰነድ ነው። ከእነሱ ጋር ያወራሽበት ቴሌግራም ላይ ገብተሽ ለእያንዳንዳቸው በስማቸው ጻፊላቸው፦ «የወሰዱት ቀሚስ እንዴት ሆነልዎት? አሁን አዲስ ሥራና የበዓል ማዘዣ ቀን በኢሜይል እያሳወቅን ነው፣ ከፈለጉ እዚህ ይመዝገቡ» ብለሽ ሊንኩን ስጪ። ጊዜ ይወስዳል፣ ግን ከዚያው ላይ ትዕዛዝ ሁሉ ይመጣልሻል።

ለሚመጡት ደግሞ ከልብሱ ጋር እሽጉ ውስጥ ትንሽ ካርድ አድርጊ። በአንዱ በኩል የአስተጣጠቡ መመሪያ፣ በሌላው ኪውአር ኮድና «የሚቀጥለውን ሥራችንን ቀድመው ይዩ» የሚል መስመር። ሰው ልብሱን አውጥቶ መስታወት ፊት ሲቆም ስልኩ እጁ ላይ ነው፣ ፎቶ ሊያነሳ። ያኔ ነው የሚመዘገበው።

ጥለት ከሽሮ ሜዳ (ጠያቂ)

ካርዱን ነገ ማተሚያ ቤት እጠይቃለሁ። እህቴም ለፎቶው እሺ ብላለች፣ ሜትሩን በሁለቱም በኩል ኢንችና ሳንቲሜትር ያለውን ገዝተናል። እማማ፣ መመሪያው ሲያልቅ መጀመሪያ ለእርስዎ ልላክልዎት? ያልገባዎትን ቦታ ቢነግሩኝ ሳላሰራጨው አስተካክለዋለሁ።

እማማ ሲልቨር ስፕሪንግ

ላኪልኝ የኔ ልጅ። የልጄን ልክ በእሱ ወስጄ እልክልሻለሁ፣ ጥምቀት ላይ የምትለብሰው ትፈልጋለች።